አይሮፕላን እየተሽከረከረ ሲወድቅ የሚድንበት ዘዴ

ከ12ኛ ክፍል የሳይንስ ተማሪ

የሰው ልጅ በምድር ላይ ሲኖር ራሱን ከአደጋ የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ በደመ ነፍስ ነው። ሲደናቀፍ እጁን ይዘረጋል፤ እሳት ሲፈጀው እጁን ይሰበስባል፤ ገደል አፋፍ ሲደርስ ወደ ኋላ ይላል። ይህን ሁሉ መምህር አላስተማረውም። ነገር ግን ሰው ወፍ ሆኖ አልተፈጠረምና በሰማይ ላይ ይኸው ደመ ነፍስ ክፉ መካሪ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን አይሮፕላን እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ በሚወድቅበት ጊዜ የሚሆነው ነገር ነው። አፍንጫው ወደ መሬት ሲያዘቀዝቅ አብራሪው የመሪውን ዘንግ ወደ ደረቱ መሳብ ይቃጣዋል፤ የሚያድነው ግን መግፋት ነው።

ከጓደኞቻችን መካከል ትምህርቱን ሲጨርስ አብራሪ ለመሆን የሚመኝ ብዙ ነው። ምኞቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራው ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሚጠይቅ አስቀድሞ መረዳት ይገባል። ስለዚህ እሽክርክሪት እንዴት እንደሚጀምር፣ ከእሽክርክሪትም ሁሉ የከፋው አግድም እሽክርክሪት ምን እንደ ሆነና አብራሪው ከእርሱ እንዴት እንደሚወጣ በተቻለኝ መጠን ግልጽ አድርጌ ለመጻፍ አሰብሁ። ወላጆች ይህን አንብበው በመንገደኛ አይሮፕላን መሳፈር እንዳይፈሩ አደራ እላለሁ፤ ነገሩ በይበልጥ የሚመለከተው ትናንሾቹን የመለማመጃ፣ የትርኢትና የጦር አይሮፕላኖች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክንፍና ነፋስ

አይሮፕላንን በአየር ላይ የሚይዘው ሞተሩ ሳይሆን ክንፉ ነው። የሞተሩ ሥራ ወደ ፊት ማስኬድ ነው። ክንፉ ወደ ፊት ሲሄድ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ በፊዚክስ ክፍል ስለ ኒውተን ሦስተኛ ሕግ እንደ ተማርነው ለድርጊት ሁሉ እኩልና ተቃራኒ መልስ አለውና አየሩም በበኩሉ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። አውቶቡስ ሲሮጥ፣ ረዳቱ ሳይቆጣው በፊት፣ መዳፉን በመስኮት አውጥቶ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። መዳፉ ለጥ ብሎ ሲያዝ ነፋሱ ሳያስቸግረው ያልፋል፤ የፊተኛው ጠርዝ ጥቂት ቀና ሲል እጁ በራሱ ወደ ላይ ይነሣል፤ መዳፉ እንደ ግድግዳ ከነፋሱ ፊት ሲቆም ግን መነሣቱ ቀርቶ ወደ ኋላ ይገፈተራል።

ክንፍም እንዲሁ ነው። ክንፉ ከፊቱ ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከፍ ባለ ቁጥር የማንሣት ኃይሉ ይጨምራል፤ ይህ ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ብቻ ነው። በብዙ አይሮፕላኖች ወሰኑ 15 ወይም 16 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚያ ሲያልፍ በክንፉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይፈስስ የነበረው አየር ይላቀቅና ይታወካል፤ ማንሣቱ ይቀንሳል፤ የአየሩ ተቃውሞ ግን ይበዛል። ይህን አብራሪዎች ስቶል ይሉታል። ስቶል ሞተር ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሞተሩ እያጓራ ክንፉ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። መድኃኒቱም ዘንጉን ወደ ፊት ገፍቶ ማዕዘኑን መቀነስ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመረዳት የአይሮፕላን ሦስቱን መሪዎች ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በጅራቱ ላይ የቆመው ራደር ነው፤ በእግር ፔዳል እየተረገጠ አፍንጫውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞራል። ሁለተኛው በጅራቱ ላይ የተጋደመው ኤሌቬተር ነው፤ ዘንጉ ሲሳብ አፍንጫውን ቀና፣ ሲገፋ ደፋ ያደርጋል። ሦስተኛው በክንፎቹ ጫፍ አጠገብ ያለው ኤይለሮን ነው፤ ዘንጉ ወደ ጎን ሲሄድ አይሮፕላኑን በአንድ ወገን ያጋድላል። ሦስቱም የሚሠሩት አየር ከፊት ለፊት ሲፈስስባቸው ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበል፤ የአግድም እሽክርክሪት ምሥጢር ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

እሽክርክሪት እንዴት ይጀምራል?

በስቶል ጊዜ ሁለቱ ክንፎች እኩል ቢደክሙ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል እንጂ ብዙ ችግር የለም። ነገር ግን አይሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን እየዞረ ሳለ ስቶል ቢደርስበት አንዱ ክንፍ ከሌላው አስቀድሞ ይወድቃል። በደህናው ጊዜ የሚወድቅ ክንፍ ነፋሱ ከሥሩ ስለሚመጣበት ማዕዘኑ ያድጋል፤ ማዕዘኑ ሲያድግም የማንሣት ኃይሉ ጨምሮ ራሱን ያቃናል። ከስቶል በኋላ ግን ሕጉ ይገለበጣል። የሚወድቀው ክንፍ ማዕዘኑ ባደገ ቁጥር ይበልጥ ይደክማል፤ የአየሩ ተቃውሞም ስለሚበዛበት አፍንጫውን ወደ ራሱ ወገን ይጐትታል። የሚነሣው ክንፍ ደግሞ ማዕዘኑ ስለሚያንስ በአንጻሩ ይበረታል። አንዱ ሲያወርድ ሌላው ሲያነሣ አይሮፕላኑ ማንም ሳያዞረው በራሱ መሽከርከር ይጀምራል፤ ካላስቆሙትም አይቆምም።

በዚህ ጊዜ ትናንሾቹ አይሮፕላኖች አንዱን ዙር በሦስት ሰከንድ ያህል ይጨርሳሉ፤ በየዙሩም 150 ሜትር ያህል ከፍታ ይጠፋል። የሚያስገርመው ነገር የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ትንሽና እምብዛም የማይለዋወጥ ቁጥር መሆኑ ነው። ፍጥነቱ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ አይሮፕላኑ ክንፎቹ ሳይደክሙ በጠባብ ክብ ቁልቁል እየበረረ ነው ማለት ነው፤ የዚያ መድኃኒት ሌላ ነው። ስለዚህ የአብራሪው የመጀመሪያ ተግባር በሽታውን ከበሽታ መለየት ነው።

በ1912 በሶልስበሪ ሜዳ ላይ የሆነው

በአቪዬሽን መጀመሪያ ዓመታት እሽክርክሪት የገባ አብራሪ እንደ ሞተ ይቈጠር ነበር። ብዙዎች ሞተዋል። ነገሩ የተለወጠው ነሐሴ 25 ቀን 1912 (እንደ አውሮፓውያን ኦገስት 25) ነው። በእንግሊዝ አገር በሶልስበሪ ሜዳ ላይ የጦር አይሮፕላኖች ውድድር ይደረግ ነበር። የባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ሌተና ዊልፍሬድ ፓርክ፣ ሌተና ለ ብሬተን ከሚባል ተሳፋሪ ጋር ሆኖ፣ ዙሪያው በተሸፈነ አቭሮ በተባለ አይሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል በርሮ ለማረፍ እየዞረ ይወርድ ነበር። ከመሬት 200 ሜትር ያህል ሲቀረው አይሮፕላኑ በድንገት መሽከርከር ጀመረ።

ፓርክ በዚያን ጊዜ ትክክለኛ መስሎ የሚታየውን ሁሉ አደረገ። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ዘንጉን ወደ ራሱ ሳበ፤ ራደሩንም አይሮፕላኑ ወደሚዞርበት ወገን አዞረ። ምንም ለውጥ አልመጣም። መሬቱ እየቀረበ ሲሄድ ሌላ የቀረ ዘዴ አልነበረውምና ራደሩን ወደ ተቃራኒው ወገን እስከ መጨረሻው ረገጠ። ወዲያው እሽክርክሪቱ ቆመ፤ አይሮፕላኑም ከመሬት 15 ሜትር ያህል ሲቀረው ተቃንቶ በረረ። ፓርክ ዞሮ በደህና አረፈ። በሜዳው ላይ ቆመው ይመለከቱ የነበሩት ሰዎች ሞቱን ሊያዩ ነበርና እጅግ ተደነቁ።

የፓርክ ታላቅነት በመትረፉ ብቻ አይደለም። ከአይሮፕላኑ ወርዶ ያደረገውን ሁሉ፣ የጠቀመውንም ያልጠቀመውንም፣ አንድ በአንድ ተናገረ፤ ያም በጽሑፍ ወጥቶ ሌሎች ተማሩበት። እርሱ ራሱ ግን ብዙ አልኖረም፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በሌላ አይሮፕላን ላይ ሳለ በደረሰ አደጋ ሞተ። የተወው ዕውቀት ግን ከእርሱ በኋላ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አድኗል።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1916 ኮንስታንቲን አርትሴውሎቭ የሚባል የሩሲያ አብራሪ በክራይሚያ ካቻ በተባለው የበረራ ትምህርት ቤት ኒዩፖር አይሮፕላን ይዞ ወጣ፤ ሆን ብሎም እሽክርክሪት ገብቶ በደህና ወጣ። በእንግሊዝ አገርም በፋርንቦሮ ፍሬድሪክ ሊንደማን የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነገሩን በሒሳብ ለመመርመር ፈልጎ አስቀድሞ ራሱ መብረርን ተማረ። በ1917 እየደጋገመ እሽክርክሪት ውስጥ እየገባ የፍጥነቱን፣ የከፍታውንና የጊዜውን ቁጥር በቃሉ ይይዝና ከወረደ በኋላ ይጽፈው ነበር። በሚሽከረከር አይሮፕላን ውስጥ ሆኖ መሣሪያ እያነበቡ ቁጥር በቃል መያዝ ምን ያህል የልብ ጸጥታ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይፍረድ። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቸርችል የሳይንስ አማካሪ ሆኗል።

አግድም እሽክርክሪት ምንድን ነው?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተራው እሽክርክሪት ነው። በእርሱ ውስጥ አፍንጫው ወደ መሬት በጣም ያዘቀዘቀ ስለ ሆነ ወደ ጅራቱ የሚደርስ በቂ አየር አለ፤ መሪዎቹም ይሠራሉ። አብራሪዎች ፍላት ስፒን የሚሉት አግድም እሽክርክሪት ግን ሌላ ነው። አፍንጫው ቀና ብሎ አይሮፕላኑ በጠረጴዛ ላይ እንደ ተቀመጠ ሳህን ለጥ ይልና በዚያው እየዞረ ወደ ታች ይወርዳል። የሚዞርበት ዘንግ በአብራሪው ወንበር አጠገብ ስለሚያልፍ አብራሪው ሲወድቅ ብዙም አይታወቀው ይሆናል፤ የሚያየው አድማሱ በዙሪያው ሲሮጥ ነው።

አፍንጫው ለምን ቀና ይላል? ይህን ማንም ሰው በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። አንድ እርሳስ ወስዳችሁ ጫፉን በክር እሰሩና አንጠልጥሉት፤ እርሳሱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከዚያ ክሩን በጣቶቻችሁ አፍተልትሉት። እርሳሱ በፍጥነት መዞር ሲጀምር ከተንጠለጠለበት ተነሥቶ ወደ አግድም ይጋደማል። የሚዞር ነገር ክብደቱ ሁሉ ከመዞሪያው ዘንግ ለመራቅ ይሻልና ነው። በአይሮፕላንም ላይ በአፍንጫው በኩል ሞተሩ፣ በኋላ በኩል ጅራቱና ጭነቱ፣ ሁለቱም ወደ ውጭ ሲሸሹ ገላው እንደ እርሳሱ አግድም ይሆናል።

ይህን የሚያባብሱ ነገሮች ሦስት ናቸው። መጀመሪያ፣ የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ መሄዱ ነው፤ ከባድ ዕቃ ከኋላ ሲጫን አፍንጫው በቀላሉ ቀና ይላል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ በኃይል መሥራቱ ነው፤ ፕሮፔለሩ በፍጥነት የሚዞር ከባድ ነገር ስለ ሆነ በአንዳንድ አዟዟር አፍንጫውን ወደ ላይ ይገፋል። ሦስተኛ፣ አብራሪው የወደቀውን ክንፍ ለማንሣት ዘንጉን ወደ ተቃራኒው ጎን መውሰዱ ነው፤ በደህናው ጊዜ ልማዱ ይህ ነው፤ በእሽክርክሪት ጊዜ ግን በብዙ አይሮፕላኖች ላይ እሽክርክሪቱን ይበልጥ አግድም ያደርገዋል።

አሁን ቀደም ብለን ልብ ይበል ወዳልነው ነገር እንመለስ። አይሮፕላኑ ለጥ ብሎ ሲወርድ አየሩ የሚመጣው ከፊት ሳይሆን ከሥሩ ነው። የክንፉ ማዕዘን 60 ወይም 70 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። የተጋደመው የጅራት ክፍል በራደሩ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋበትና አየር ይከለክለዋል። ኤሌቬተሩም በነፋሱ ላይ እንደ ተጋደመ ጣውላ ስለሚሆን ጥቂት ከፍና ዝቅ ቢል ለውጡ ትንሽ ነው። ስለዚህ አብራሪው መሪዎቹን በእጁና በእግሩ ይዞ ሳለ መሪዎቹ የሚይዙት አየር ያጣሉ። በዚህ ላይ በመዞሩ ኃይል ነዳጁ ከቧንቧው ሸሽቶ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል።

የሚወጣበት ሥርዓት

ከብዙ ዓመት ልምድና ምርመራ በኋላ የተገኘው ሥርዓት የሚከተለው ነው። የአይሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ በቀር ቅደም ተከተሉ አይፋለስም።

1ኛ. የሞተሩን ኃይል እስከ መጨረሻው መቀነስ። ሰው በጭንቅ ጊዜ ኃይል መጨመር ይወዳል፤ ፓርክም ያደረገው ይህን ነበር። ነገር ግን የፕሮፔለሩ ኃይል አፍንጫውን ቀና አድርጎ ስለሚይዝ መቀነስ ይገባል።

2ኛ. ኤይለሮኖቹን መካከል ላይ ማድረግ። ዘንጉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንዳያዘነብል ማለት ነው። ክብደታቸው በገላቸው ርዝመት የተከማቸ አንዳንድ የጦር ጄቶች ግን ዘንጉን ወደሚዞሩበት ወገን ማድረግን ይጠይቃሉ፤ መጽሐፋቸውን ማንበብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

3ኛ. ራደሩን ከአዟዟሩ በተቃራኒው ወገን እስከ መጨረሻው መርገጥ። ወደ የት እንደሚዞር ያልታወቀ እንደ ሆነ መዞርን የሚያሳየውን መሣሪያ ማየት ይገባል፤ የተደናገረ ሰው ግራና ቀኙን ይሳሳታልና። የራደሩ ሥራ መዞሩን መቃወም ነው።

4ኛ. ጥቂት ቆይቶ ዘንጉን ወደ ፊት መግፋት። ይህ የክንፉን ማዕዘን ቀንሶ ስቶሉን ያፈርሳል። ከራደሩ በፊት ቢደረግ ግን በብዙ አይሮፕላኖች ላይ የወረደው ኤሌቬተር ለራደሩ የቀረውን ጥቂት አየር ይከለክለዋል። ቅደም ተከተሉ የተደነገገው በዚህ ምክንያት ነው።

5ኛ. መጠበቅ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አግድም እሽክርክሪት በአንድ ዙር አይቆምም፤ ብዙ ዙር ሊፈጅ ይችላል። ከዚህም የሚያስደነግጠው አፍንጫው መውረድ ሲጀምር አዟዟሩ መፍጠኑ ነው። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው እጆቹን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ እንደሚፈጥን ሁሉ፣ የአይሮፕላኑም ክብደት ወደ መዞሪያው ዘንግ ሲቀርብ መዞሩ ይፈጥናል። ይህን ያልተማረ አብራሪ «አባባስሁት» ብሎ መሪዎቹን ይለውጣል፤ እንዲህም በማድረጉ ሊድን ሲል ወደ ሞቱ ይመለሳል። የተማረው ግን መፍጠኑ የመዳን ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያውቃልና እግሩንም እጁንም ሳያነቃንቅ ይጠብቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት በዚህ ቦታ እውነት ነው፤ በሰማይ ላይ ግን የፈሰሰውን መልቀም የለም።

6ኛ. መዞሩ ሲቆም ራደሩን ወዲያው ወደ መካከል መመለስ፣ ከዚያም ዘንጉን በዝግታ እየሳቡ ከቁልቁለቱ መውጣት። ራደሩ ተረግጦ ቢቀር አይሮፕላኑ ወደ ሌላው ወገን መሽከርከር ይጀምራል፤ ዘንጉም በችኮላ ቢሳብ ክንፉ እንደ ገና ስቶል ይገባል።

በ1980ዎቹ ዓመታት የስዊሱ የአየር ትርኢት አብራሪ ኤሪክ ሙለርና አሜሪካዊው አስተማሪ ጂን ቤግስ ከዚህ ያጠረ ዘዴ አስተምረዋል። ይኸውም ሞተሩን መቀነስ፣ ዘንጉን ከእጅ ጨርሶ መልቀቅ፣ ተቃራኒውን ራደር መርገጥ፣ መዞሩ ሲቆምም ራደሩን መልሶ ዘንጉን በዝግታ መሳብ ነው። ዘንጉን መልቀቅ ለምን ጠቀመ ቢባል፣ የተጨነቀ እጅ ሳያውቀው ዘንጉን ስለሚስብ ነው። ይህ ዘዴ ለትርኢት በተሠራው በፒትስ አይሮፕላን ላይ መልካም ሆኖ ተገኝቷል፤ በሁሉም ላይ ግን አይሠራም።

ሥርዓቱ ሳይበቃ ሲቀር

ሥርዓቱን ሁሉ ፈጽሞ መውጣት ያልተቻለበት ጊዜ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1963 (እንደ አውሮፓውያን ዲሴምበር 10) በካሊፎርኒያ ታዋቂው አብራሪ ቸክ ዬገር ሮኬት የተጨመረበትን ኤን ኤፍ 104 ጄት ከ30,000 ሜትር በላይ ይዞ ወጣ። በዚያ ከፍታ አየሩ እጅግ ስስ ስለ ሆነ መሪዎቹ የሚይዙት ነገር አልነበራቸውም፤ ጄቱም አግድም እሽክርክሪት ገባ። ዬገር ለማረፊያ የተሠራውን የጅራት ፓራሹት ቢዘረጋ አፍንጫው ወረደለት፤ ፓራሹቱን ሲለቀው ግን አፍንጫው ተመልሶ ቀና አለ። መሬት ሲቀርብ በተተኳሽ ወንበር ወጥቶ፣ ቢቃጠልም፣ በሕይወት ተረፈ።

ከዚህ የሚያስደንቀው የካቲት 2 ቀን 1970 (እንደ አውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 2) በአሜሪካ በሞንታና የሆነው ነው። ጋሪ ፋውስት የሚባለው አብራሪ በልምምድ ላይ ሳለ ኤፍ 106 ጄቱ አግድም እሽክርክሪት ገባበት። የታወቀውን ሁሉ ሞክሮ እምቢ ሲለው ከባሕር ወለል 4,500 ሜትር ያህል ላይ በተተኳሽ ወንበር ወጣ። ሰውየው ሲወጣ ጄቱ ብቻውን ተቃና! ወንበሩ ሲተኮስ አፍንጫውን ወደ ታች ሳይገፋው አልቀረም፤ መሪዎቹም አስቀድመው ለመነሣት በሚሆን ልክ ተስተካክለው ነበር። ጄቱ ያለ አብራሪ በቀስታ ወርዶ ቢግ ሳንዲ በምትባል ከተማ አጠገብ በበረዶ በተሸፈነ እርሻ ላይ በሆዱ ተንሸራቶ አረፈ። ሞተሩም ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ መሥራቱን አላቆመም። ኋላም ተጠግኖ ብዙ ጊዜ በርሯል፤ በኦሃዮ በዴይተን በሚገኘው የአሜሪካ አየር ኃይል ሙዚየም ተቀምጧል።

ሁሉም ግን እንዲህ ዕድል አይቀናውም። በመስከረም ወር 1985 አርት ሾል የሚባል እጅግ የታወቀ የአየር ትርኢት አብራሪ ቶፕ ገን ለተባለው ፊልም በፒትስ አይሮፕላን ላይ ካሜራ አስሮ እሽክርክሪት እያሳየ ነበር። ከእሽክርክሪቱ ሳይወጣ ቀርቶ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ገባ፤ አይሮፕላኑም አስከሬኑም አልተገኙም። ይህን የማነሣው የሞተውን ለመውቀስ አይደለም። ልምድ ብቻውን፣ የሊቅነትም ስም ብቻውን ከፊዚክስ ሕግ እንደማያስጥል ለማስረዳት ነው።

መዳን የሚጀምረው በመሬት ላይ ነው

ከላይ ከተጻፈው ሁሉ አንድ ነገር ይታያል። ከአግድም እሽክርክሪት መውጣት ወይም አለመውጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው አይሮፕላኑ ገና ሳይነሣ ነው።

መጀመሪያ የጭነቱ ነገር አለ። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት የሰዎቹን፣ የነዳጁንና የዕቃውን ክብደት ደምሮ የክብደት ማዕከሉ ከወሰኑ እንዳላለፈ በሒሳብ ያረጋግጣል። ሒሳቡ ከማባዛትና ከመደመር አያልፍም፤ አንድ ከባድ ሻንጣ ከኋላ በመጫኑ ብቻ ግን ሊወጡበት የሚቻለው እሽክርክሪት የማይወጡበት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የአይሮፕላኑ ዓይነት ነው። በአሜሪካ ሕግ ለብዙ ዓመታት ተራ ትንሽ አይሮፕላን ሲፈተን አንድ ዙር ወይም ሦስት ሰከንድ ከተሽከረከረ በኋላ በአንድ ተጨማሪ ዙር ውስጥ መውጣት እንዲችል ይጠየቅ ነበር። ለትርኢት የሚሠራው ግን እስከ ስድስት ዙር ይፈተናል። ስለዚህ በተራው አይሮፕላን ላይ ከአንድ ዙር በኋላ ምን እንደሚሆን ያልተፈተነ ነገር ነው። ሲረስ የሚባለው ትንሽ አይሮፕላን ደግሞ በ1998 ሲፈቀድ ከእሽክርክሪት እንዲወጣበት የተወሰነው ዘዴ አይሮፕላኑን ራሱን ከነሰዎቹ የሚያወርድ ትልቅ ፓራሹት ነው። አዳዲስ አይሮፕላኖችንም መሐንዲሶች አስቀድመው በትንሽ ሞዴል ይመረምሯቸዋል። በቨርጂኒያ በላንግሌይ በ1941 ሥራ የጀመረው የነፋስ ማማ ስፋቱ 6 ሜትር ያህል ሲሆን ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳል። ሞዴሉን በእጅ እያሽከረከሩ ይወረውሩበታል፤ በነፋሱ ላይ ተንሳፎ ሲዞርም የትኛው መሪ እንደሚያወጣው ይመለከታሉ። በማማው ውስጥ ሞዴል ቢሰበር ማንም አይሞትም።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። ዘዴውን ሁሉ ማወቅ ጊዜ ከሌለ አይጠቅምም። አገራችንን በሚመለከት ይህን መጨመር እወዳለሁ። ከፍታን የሚለካው አልቲሜትር እንደ ልማዱ የሚነግረው ከባሕር ወለል ያለውን ርቀት ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። እንግዲህ መሣሪያው 3,000 ሜትር ሲያሳይ በአዲስ አበባ ላይ ያለ አብራሪ ከእግሩ በታች ያለው አየር 700 ሜትር እንኳ አይሞላም። በየዙሩ 150 ሜትር የሚጠፋ ከሆነ ያለው ከአምስት ዙር ያነሰ ነው፤ ከዚያም ላይ ከቁልቁለት መውጫ የሚሆነው ይቀነሳል። ደጋ ላይ የሚበር ሰው ይህን ቅናሽ ሳይነሣ በፊት ሊሠራው ይገባል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው አለመግባት ነው። አሜሪካኖች በ1949 እሽክርክሪትን ከተራ አብራሪዎች ፈተና አውጥተው በምትኩ ስቶልን አስቀድሞ ማወቅና መከላከል እንዲበዛ አደረጉ። ምክንያቱም ብዙው ሰው የሚሞተው ለማረፍ ሲዞር በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያ ደግሞ ለመውጣት የሚሆን ቦታ የለም። አስተማሪዎች የሚሆኑት ግን ገብተው መውጣትን እንዲማሩ ይገደዳሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ እንዳይገባ የሚጠነቀቅ፣ ቢገባም የሚወጣበትን የሚያውቅ ሰው የተሟላ አብራሪ ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ይህን የተናገሩት ስለ አይሮፕላን አይደለም፤ ለአብራሪ ግን ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። ፓርክ ራደሩን የረገጠው ሌላው ሁሉ ስላለቀበት ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ግን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይረግጠዋል። የማዕዘንን፣ የክብደት ማዕከልንና የኒውተንን ሕግ በደብተራችን ላይ ስንጽፍ ለፈተና ብቻ የተሰጡን የሚመስለን ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ቀን ከእኛ መካከል አንዱ አድማሱ በዙሪያው ሲሮጥ፣ እጁ መሳብ ሲመኝ፣ እነዚሁ ሕጎች «ግፋ፤ ጠብቅም» ይሉታል። በዚያች ሰዓት የሚታዘዛቸው በመሬት ላይ ሳለ ያጠናቸው ሰው ነው።